«ራን» ማለት መሮጥ ብቻ ሲመስለን

የእህቴ ልጅ እዚህ ሐዋሳ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስትመለስ እኛ ቤት ጎራ አለች። ቡና ተፈልቶ ነበር። ሁለተኛው ሲቀዳ ፊቷ ጥሩ እንዳልሆነ አየሁና «ምን ሆነሻል?» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራው ደርቷል። ማሽኑ ይጮኻል። ሱፐርቫይዘራቸው የውጭ አገር ሰው ናት። መስመሩ ጫፍ ላይ ቆማ «ዊ አር ራኒንግ አውት!» ብላ ተጣራች። የእህቴ ልጅ ቃሉን አንድ በአንድ ፈታችው። ራን ማለት ሮጠ። አውት ማለት ውጭ። ስለዚህ «ሮጠን እንውጣ» ማለት ነው። እሳት ተነሥቷል ብላ የያዘችውን ጥላ ወደ በሩ በረረች። ሁለት ጓደኞቿም ተከተሏት። ሴትየዋ ያለችው ግን ሌላ ነበር። ሸሚዙ አንገት ላይ የሚሰፋው ሌብል ሊያልቅባቸው ነው። ሌብል ይምጣ ነው ያለችው።

«አጎቴ፣ በጣም ነው ያፈርኩት» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬ ራን የምትለዋን ቃል አላውቅም?»

እኔ እሷ ላይ የሚያሳፍር ነገር አላየሁም። እንዲያውም እኛ ያስተማርናትን ነው በትክክል የሠራችበት። ደብተሯን በሁለት ዓምድ ከፍለን በግራ የእንግሊዝኛውን፣ በቀኝ የአማርኛውን ስናስጽፋት ነው የኖርነው። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ። ራን ሲባል ሮጠ፤ አለቀ። ይህ አሠራር ለጠረጴዛና ለድመት ይበቃል። ለራን ግን አይበቃም። ያን ዕለት ማታ ለእሷ ያስረዳኋትን ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ እዚህ በሰፊው ልጻፈው።

መጀመሪያ የቃሉን ስፋት ልንገራችሁ። ኦክስፎርድ የሚባለው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ። አዘጋጆቹ ራን የሚለውን ቃል እንደገና ሲመረምሩት ግሱ ብቻውን 645 ትርጉም ተገኘለት። ይህ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሥራውን የያዘው ፒተር ጊሊቨር የተባለ አዘጋጅ ሲሆን፣ ለዚህ አንድ ቃል ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ልጅ ተፀንሶ እስኪወለድ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ትርጉም ይታወቅ የነበረው ሰት የሚለው ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ለእሱ 430 ትርጉም ተቆጥሮለታል፤ ማብራሪያው 60,000 ቃላት ያህል ነበር። አሁን ራን በልጦታል።

645 ሲባል የሚደነግጥ ይኖራል። እሷም ደነገጠች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ይሸመድደዋል?» አለች። ማንም አይሸመድደውም። እንግሊዞቹም አልሸመደዱትም። እኛም እኮ በአማርኛችን ያለ ድካም የምናደርገው ነው።

እስቲ «ያዘ» የሚለውን እንየው። ብዕር ያዝኩ። ይሄ በእጅ ነው። ታክሲ ያዝኩ። ይሄ በእጅ አይደለም፤ ተሳፈርኩ ነው። ወረፋ ያዝኩ። ቀጠሮ ያዝኩ። ሥራ ያዝኩ። ጉንፋን ያዘኝ። እዚህ ላይ ያዡ እኔ መሆኔ ቀርቶ ተያዡ ሆንኩ። ዝናብ ያዘን። ቂም ያዘብኝ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ትምህርቱን ቶሎ ያዘው። ሌባው ተያዘ። ስልኩ ተይዟል። አሁን አንድ የውጭ አገር ሰው ደብተሩ ላይ «ያዘ፦ በእጅ መጨበጥ» ብሎ ጽፎ መነኻሪያ ቢቆም፣ «ታክሲ ያዝ» ሲሉት ምን ያደርጋል? ሮጦ መኪናውን በእጁ ሊጨብጥ ነው። የእህቴ ልጅ ወደ በሩ የሮጠችውም በዚሁ መንገድ ነው።

እኛ «ያዘ»ን ከነብዙ ትርጉሙ የምናውቀው ዝርዝር አጥንተን አይደለም። ማን እንደያዘ፣ ምን እንደተያዘ እናያለን፤ ትርጉሙ ከዚያ ይመጣል። ራንም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ራን ለሚለው ቃል የአማርኛ ጓደኛ ከፈለግን «ሮጠ» ጥሩ ጓደኛ አይደለም። «ሄደ» ይሻላል። መጀመሪያ የሚመጣው ትርጉም ሮጠ መሆኑ እውነት ነው። ሰውና ፈረስ ሲሆን ሮጠ ነው። ከሰውና ከእንስሳ ስንወጣ ግን ቃሉ ፍጥነትን ይተውና «ሳይቋረጥ በመንገዱ መቀጠል» የሚለውን ይይዛል። ለዚህ ደግሞ እኛ ሄደ የሚል የሚገርም ቃል አለን።

እዩት። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት «ይሄዳል ወይስ ቆሟል?» ብለን እንጠይቃለን። እንግሊዝኛው ራን ይላል። «ይሄ መኪና የሚሄደው በናፍታ ነው» እንላለን። እንግሊዝኛው ራን ይላል። «ይሄ መንገድ ወዴት ነው የሚሄደው?» እንላለን። መንገዱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እዚያው ተኝቷል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰውን አስፋልት «ራንስ ቱ ሞያሌ» ይለዋል። «ሱቁ እየሄደለት ነው» ስንልም ሱቁ ከቦታው አልተነሣም። ገበያው ቀጥሏል ማለታችን ነው።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ደግሞ «ሥራ አስኪያጅ» የምንለው ነው። ቃሉን በደንብ አዳምጡት። ሥራን የሚያስኬድ ሰው። አስኬደ ከሄደ የወጣ ነው። እንግሊዝኛው «ሺ ራንስ ዘ ፋክተሪ» ሲል ፋብሪካውን ትሮጣለች አላለም፤ ፋብሪካውን ታስኬዳለች፣ ሥራ አስኪያጇ እሷ ናት አለ። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ስኒውን አስቀመጠች። «ታዲያ ይሄንን ለምን ከመጀመሪያው አልነገሩንም?» አለች። እኔም ያንኑ ነው የምጠይቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነውና። አማርኛ ሥራውን ራሱ የሚሠራውንና ሌላውን የሚያሠራውን በግሱ ላይ ይለየዋል። ሄደ እና አስኬደ። ፈሰሰ እና አፈሰሰ። ሮጠ እና አስሮጠ። ግሱን እንደሰማን ማን ምን እንዳደረገ ግማሹን እናውቃለን። የእንግሊዝኛው ራን ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ማሽኑ ሲሄድም ራን፣ ሰው ማሽኑን ሲያስኬደውም ራን። ቃሉ አይለወጥም። ታዲያ ሰሚው በምን ይለያል? ከራን ቀጥሎ ባለው ቃል ነው። ቀጥሎ ዕቃ ወይም ጉዳይ ከተጠራ «አስኬደ» ነው። ካልተጠራ «ሄደ» ነው። «ዘ ማሽን ራንስ» ሲል ማሽኑ ይሄዳል። «ራን ዘ ማሽን» ሲል አስኪጂው፣ አስነሺው። ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው ከራን ግማሹን ተሻግሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚገርመው ደግሞ እንግሊዝኛም ዱሮ እንደኛ ይለይ ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ አንዱ ቃል «ሪናን» ነበር። መሮጥም መፍሰስም ማለት ነው። «አርናን» የሚል ሌላ ቃልም ነበር። እሱ የመጣው ማስሮጥ ከሚል ሥር ሲሆን፣ ፈረስ ለመጋለብም ያገለግል ነበር። በጊዜ ብዛት ድምፃቸው ተቀራረበ፤ ተደባለቁና አንድ ሆኑ። የዛሬው ራን የሁለቱ ልጅ ነው። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ሁለት ቃል አለው። «ሪነን» ሲል መፍሰስ ነው፤ «ሬነን» ሲል መሮጥ። እንግሊዝኛ ያጠፋውን ልዩነት አማርኛ እንደጠበቀው ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ነገር ይገባናል። መፍሰስ የራን የቆየ ትርጉም ነው፤ በኋላ የተለጠፈ አይደለም። ስለዚህ ውሃ ነክ ነገር ላይ ራንን ስትሰሙ «ፈሰሰ»ን አስቡ። አፍንጫ ይፈሳል፤ ራን ነው። ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው ይወርዳል፤ ራን ነው። አስኳሉ ሳይረጋ የወረደ እንቁላል ከዚሁ ቃል ስም ወጥቶለት ረኒ ይባላል። በገንዳ ውሃ መሙላትም ራን ይባላል፤ ውሃውን አፍስሰው ስለሚሞሉት።

የእኛው ጥቁር ውሃ ወንዝም «ራንስ» ይባላል። ጥቁር ውሃ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ነው የሚገባው። ሐይቁ በበኩሉ በመሬት ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ይህንን በእንግሊዝኛ ስንለው «ራንስ ኢንቱ ዘ ሌክ» ይሆናል። ይፈስሳል፣ ይገባል። ይህ «ራን ኢንቱ» የሚለው ጥምረት ግን ብዙ ሰው የሚያሳስት ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ቅዳሜ ከሰዓት አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ሄዳችሁ እንበል። በድንገት የዱሮ የክፍል ጓደኛችሁን አገኛችሁት። እንግሊዝኛው «ራን ኢንቱ» ነው። ማንም አልሮጠም። ሁለታችሁም ቀስ እያላችሁ ነበር። ዋናው ነገር ሳይታሰብ መገናኘቱ ነው። ስትመለሱ የተሳፈራችሁበት ባጃጅ ከቆመ መኪና ጋር ቢጋጭ እሱም «ራን ኢንቱ» ነው። ያንኑ ጥምረት ሥራ ላይ ችግር ሲገጥማችሁ ትሰሙታላችሁ። የጥገናው ሒሳብ ሚሊዮን ሲደርስም ትሰሙታላችሁ። እንግዲህ አንድ ጥምረት ነው፤ ወንዙ ገባ፣ ጓደኛ ተገኘ፣ መኪና ተጋጨ፣ ችግር ገጠመ፣ ሒሳቡ ሚሊዮን ደረሰ። የሚለየው ምንድን ነው? ከፊቱና ከኋላው ያለው ቃል። ፊት ወንዝ፣ ኋላ ሐይቅ ካለ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። ፊት ሰው፣ ኋላ ሰው ካለ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ሰላምታ ነው። ፊት መኪና ከሆነ ግን ወዲያው ጆሮ መስጠት ነው።

«ራን ኦቨር» ደግሞ በመኪና ሲሆን የከፋ ነው። መኪና ሰው ላይ ወጣበት ማለት ነው። ጓደኛውን ገበያ አግኝቶት «ራን ኦቨር» አለ ብላችሁ አስቡ፤ ሰሚው የሚደነግጠው በምክንያት ነው። ያው ጥምረት ስብሰባ ላይ ሲሆን ግን ስብሰባው ከተያዘለት ሰዓት አለፈ ማለት ብቻ ነው። ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍም ራን ነው፤ እዚህስ ቀጥሎ የሚመጣው መብራቱ ስለሆነ አያምታታም።

አሁን ወደዚያ ወዳስደነገጣት ጥምረት ልመለስ። «ራን አውት»። እዚህ ላይ ችግሩ የቃል ብቻ አይደለም። አነጋገራችን ራሱ የተለየ ነው።

እኛ ጨው ሲያልቅ ምን እንላለን? «ጨው አለቀብኝ»። ያለቀው ማነው? ጨው። እኔ ምን ሆንኩ? ጉዳቱ የደረሰብኝ ሰው ሆኜ በግሱ ጫፍ «ብኝ» ላይ ተቀመጥኩ። ይህች «ብኝ» የምትባል ነገር የአማርኛ ሀብት ናት። ዘነበብኝ። ጠፋብኝ። ረፈደብኝ። መብራት ጠፋብኝ። ነገሩ ራሱ ያደርጋል፤ እኔ ላይ ያርፋል። እንግሊዝኛ ግን ይህች «ብኝ» የለችውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ወደ ፊት አምጥቶ ባለ ድርጊት ያደርገዋል። ጨው አለቀብኝ ለማለት «እኔ» ብሎ ይጀምርና «ራን አውት ኦፍ» ብሎ ጨውን ከኋላ ያስቀምጠዋል። ቃል በቃል ካየነው ከጨው ሮጬ የወጣሁት እኔ ነኝ የሚል ይመስላል። ለዚህ ነው የእህቴ ልጅ «ዊ» የሚለውን ሰምታ ወጪዎቹ እኛ ነን ያለችው። ሴትየዋ ደግሞ በችኮላ «ኦፍ ሌብልስ» የሚለውን ጅራት ቆርጣዋለች። ጅራቱ ቢኖር ኖሮ ምን እንዳለቀ ይታወቅ ነበር።

«ራኒንግ ሌት» የሚለውም ወንድሙ ነው። አንድ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ስልክ አንሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል። እኛ «ረፈደብኝ» እንላለን። «ሰዓት ሄደብኝ» እንላለን። አያችሁ፣ እዚህም ሄደ መጣ፤ እዚህም ብኝ መጣ። ስለዚህ የእህቴን ልጅ እንዲህ አልኳት፦ «እንግሊዝኛው ‘እኔ’ ወይም ‘እኛ’ ብሎ ጀምሮ ራን ካለ፣ ቀጥሎም አውት ወይም ሌት ከመጣ፣ በውስጥሽ ወደ ‘ብኝ’ ገልብጪው።» ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ቤት ውስጥና ሐኪም ቤት የሚሰሙ አሉ፤ እነሱን ቶሎ ልለፋቸው። «ራኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር» ማለት ትኩሳት አለው ነው። «ራንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» ማለት በዘር አለ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት በቤተሰባችሁ አለ ወይ ብሎ ሐኪም ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ይህን ልታገኙት ትችላላችሁ። ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነገር ነው። መውረድም መፍሰስ ነው፤ ሥሩ ያው ነው። «ዘ ራንስ» ተብሎ በስም መልክ ከመጣ ደግሞ ተቅማጥ ነው። ይህን ማወቁ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ይጠቅማል።

አውቶቡስም ይሄዳል፤ እዚህ ላይ ግን የእኛ ምርጥ ቃል «ይሠራል» ነው። «ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብለን የምንጠይቀውን እንግሊዝኛው በራን ይጠይቀዋል። የቤት ኪራይ ውል ለሁለት ዓመት ሲጸና ራን ነው። ጋዜጣ አንድ ማስታወቂያ ሲያወጣ ራን ነው። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ማስኬድም ራን ነው። እንደውም የእኛ ሶፍትዌር ልጆች «ራን አድርገው» ብለው ቃሉን እንዳለ ወስደውታል፤ «አስኪደው» ብንልም ያምርልን ነበር።

ስለ ሰው ስንናገር ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ላይ የሚመጡበት ጥሩ ምሳሌ እዚሁ ሐይቃችን ዳር አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ያንን ሩጫ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ልቡ ይመታል። እዚያ ራን ማለት በእግር መሮጥ ነው፤ ያውም የሩጫ ሁሉ ሩጫ። ሐይቁ ዳር ያለው ኃይሌ ሪዞርት ደግሞ የእሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ኃይሌ ራን» ብለን ሲድኒን፣ «ኃይሌ ራንስ ሆቴልስ» ብለን ሪዞርቱን ልንጠራ እንችላለን። ሁለተኛው ላይ ቀጥሎ ሆቴል መጣ፤ ስለዚህ ያስኬዳል፣ ያስተዳድራል። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ሙያ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ሲሆን ደግሞ ራን ስም ሆኖ ያገለግላል።

ስም ሲሆን የሚያሳስት አንድ አጠቃቀም አለ፤ የባንኩ። ዜና ላይ «ራን ኦን ዘ ባንክ» ሲባል ትሰማላችሁ። ደንበኞች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ፈርተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንዘቤን ስጡኝ ሲሉ ማለት ነው። ባንክ የተቀመጠበትን ገንዘብ ሁሉ ካዝና ውስጥ ይዞ አይቀመጥም። አብዛኛውን አበድሮታል ወይም ሌላ ቦታ አውሎታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን ከመጣ ደህና የነበረ ባንክም ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 በአሜሪካ ሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ የሆነው ይህ ነው። በአንድ ቀን ብቻ ደንበኞች 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው በስልክና በኮምፒውተር ነው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ። ሆኖም ራን ተባለ። እኛ ብንሆን «ሕዝቡ ወደ ባንኩ ጎረፈ» እንል ነበር። ጎረፈ! እኛም ወደ ውሃው ነው የሄድነው።

ምርጫም አለ። አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ለፕሬዚዳንትነት ራን ያደርጋል፤ ይወዳደራል ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ግን ለፓርላማ የሚወዳደረው ሰው ስታንድ ያደርጋል፤ ይቆማል። አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይቆማል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ወንበር ነው። ከአንድ ቋንቋ ሁለት አገር ሲወጣ እንዲህ ይለያያል። ክሪኬት የሚባለው ጨዋታ ላይ ነጥቡ ራን ይባላል፤ መጀመሪያ የሚገኘው በሁለቱ ጫፍ መካከል በመሮጥ ነውና። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ወሰን ካለፈች ግን ማንም ሳይሮጥ ስድስት ራን ይቆጠራል። ቃሉ እግሩን ጥሎ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል።

የእህቴ ልጅ ግን ክሪኬትም ምርጫም አላስጨነቃትም። የፋብሪካውን ጠየቀችኝ፤ ትክክልም ናት። ስለዚህ አብረን የምትሰማቸውን አንድ በአንድ አነሣን። «ፕሮዳክሽን ራን» ሲሉ አንድ ዓይነት ልብስ ያለማቋረጥ የሚመረትበት አንድ ዙር ነው። «ትራያል ራን» ሲሉ ዋናው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ለሙከራ ማስኬድ ነው። «ራኒንግ ስቲች» ቀጥ ብሎ የሚሄደው ቀላሉ ስፌት ነው፤ መርፌዋ ወጣ ገባ እያለች የምትሄድበት። ሌብሉ ላይ «ከለር ሜይ ራን» ተብሎ ከተጻፈ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል፤ ከነጭ ጋር አትጠቡት ማለት ነው። ይህኛውን ስታነብ ቀለሙ ከቀዩ ወደ ነጩ ሲፈስ እንድታየው አደረግኩ። ከዚያ በኋላ አልረሳችውም።

አንድ ምክር ብቻ ጨመርኩላት። ራንን ብቻውን ደብተር ላይ አትጻፊው። ከጎረቤቱ ጋር ጻፊው። ቀለም ራን፣ ሌብል ራን አውት፣ ማሽን ራን። በቀኝ በኩልም ሮጠ እያልሽ አትድገሚ፤ ለቀቀ፣ አለቀብን፣ ይሄዳል በዪ። እሷም እንዲሁ ጀመረች። አንዳንዴ ማታ ማታ የሰማችውን በቴሌግራም ትልክልኛለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የላከችልኝ ግን እኔ ያላነሣሁትን ነው። ሥራው ወደ ሹራብ ተቀይሮላቸዋል። የጥራት ተቆጣጣሪዋ አንዱን ሹራብ ወደ መብራቱ አንሥታ «ዜር ኢዝ ኤ ራን» አለችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። የእህቴ ልጅ በዚህ ጊዜ አልሮጠችም። ሄዳ ሹራቡን አየችው። አንዲት ቀለበት ተበጥሳለች። ከእሷ በታች ያለችው ለቃለች፤ ከዚያም የሚቀጥለዋ፤ ቀጭን መስመር ሆኖ እስከ ጫፉ ወርዷል። እንግሊዞቹ ይህንኑ «ላደር» ይሉታል፤ መሰላል ስለሚመስል። አሜሪካኖቹ ናቸው ራን የሚሉት።

ፎቶውን ልካልኝ ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «አጎቴ፣ ይሄ ደግሞ ክሩ ፈሶ ነው።»